ሌላውን የሚረዳ ወጣት ራሱንም ስለ መጠበቁ፤ ከካርቱም ማዮ ሰፈር የሚገኝ ትምህርት



በዚህ ጥናት የምናነሣው ነገር ከዐሥራ ሦስት እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያሉትን ልጆች የሚመለከት ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ሕፃን እንዳይባል ጕልበትና ማስተዋል አለው፤ ዐዋቂ እንዳይባል ደግሞ አጥንቱ ገና አልጠናም። የመከራ ቀን በመጣ ጊዜ ግን ቤተ ሰቡም ጎረቤቱም አስቀድሞ የሚጠራው እርሱን ነው። ውሃ የሚቀዳው፥ ወረፋ የሚቆመው፥ ታናናሾቹን የሚይዘው፥ እናቱ ስታለቅስ አጠገቧ የሚቀመጠው እርሱ ነው። «ጐበዝ ልጅ ነው፤ ቻይ ልጅ ናት» ተብሎም ይመሰገናል። ምስጋናው ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ ቻይ ልጅ ሌሊት እንቅልፍ ይወስደው እንደ ሆነ፥ እርሱንስ የሚያጽናናው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ጥናታችን ስለዚህ ጥያቄ ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ስፍራ ይዘን እንመልከት። በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም፥ በደቡቡ በኩል፥ ማዮ የሚባል ሰፊ ሰፈር አለ። ስሙ በዐረብኛ ፈረንጆች «ሜይ» የሚሉት ወር ስም ነው። በ1975 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት እንደ ገና በተነሣ ጊዜ፥ በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ ዳርፉርንና ኮርዶፋንን ባደረቀ ጊዜ (በእኛም አገር «ሰባ ሰባት» ተብሎ የሚታወሰው ያው ዘመን ነው) አገራቸውን ጥለው ወደ ካርቱም የወረዱ ሰዎች በከተማዋ ዙሪያ ሰፈሩ። ማዮም ከእነዚህ ሰፈሮች አንዱ ሆነ። የደቡብ ሰው፥ የኑባ ተራሮች ሰው፥ የዳርፉር ሰው በጭቃ ቤት ጎን ለጎን ኖረበት። በ1998 ዓ.ም. አንድ የኢጣልያ የሕክምና ድርጅት የሕፃናት ሕክምና ጣቢያ ከፈተበት። እንግዲህ ማዮ ዛሬ ስለ ተቸገረ ብቻ የምናውቀው ስፍራ አይደለም፤ ከአንድ መከራ በሸሹ ሰዎች የተሠራና ሁለተኛው መከራ እዚያው ድረስ ተከትሎ የመጣበት ስፍራ ነው።

ሁለተኛው መከራ የመጣው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። እኛ በየቤታችን የትንሣኤን ዋዜማ ስናከብር፥ በካርቱም የሱዳን መከላከያ ጦርና «ፈጥኖ ደራሽ» የሚባለው ኃይል ውጊያ ገጠሙ። በዚያ ከተማ በቀን ሥራ፥ በቤት ሠራተኛነትና በሻይ ሽያጭ ይተዳደሩ የነበሩ ወገኖቻችን ብዙዎች ነበሩ፤ በሺህ የሚቆጠሩትም በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። በማዮ የነበረው ድኻ ግን በአብዛኛው የሚሸሽበት ገንዘብ አልነበረውም። ጳጉሜን 5 ቀን 2015 ዓ.ም. እሑድ ዕለት፥ እኛ ለአዲሱ ዓመት ሁለት ቀን ቀርቶን በግና ዶሮ ስንገዛ፥ በማዮ ጎሮ የተባለው ገበያ ከሰማይ በተጣለ ፈንጂ ተመታ። ከ40 ሰዎች በላይ ሞቱ፤ ከ60 የማያንሱ ቈሰሉ። ቍስለኞቹ የተወሰዱት በደቡብ ካርቱም በሥራ ላይ ከቀሩት ጥቂት ሆስፒታሎች አንዱ ወደ ሆነው ወደ በሻኢር ሆስፒታል ነበር። በዚያ ያገለግሉ የነበሩት ድንበር የለሽ ሐኪሞችም ታጣቂዎች በተደጋጋሚ ስለ ደፈሩአቸው በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራቸውን ለማቋረጥ ተገደዱ።

በዚያ ጊዜ የከተማውን ሕዝብ ያበላውና ቍስለኛ ያነሣው ማን ነበር? የሰፈሩ ወጣቶች ነበሩ። በየሰፈሩ «የድንገተኛ አደጋ ምላሽ ክፍል» የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ተቋቋመ፤ ማዮ ባለበት በከተማው ደቡብ በኩልም እንዲሁ ሆነ። ሱዳኖች «ነፊር» የሚሉት ከጥንት የወረሱት ልማድ አላቸው፤ እኛ ደቦ ወይም ጅጌ የምንለው ነው። የእኛ ጅጌ እህል ለማጨድ እንደሚጠራ፥ የእነርሱም ነፊር በጦርነት መካከል ድስት ለመጣድ ተጠራ። «ተኪያ» በሚባለው የጋራ ማእድ ቤት ባቄላና ምስር እየቀቀሉ ለሕፃናትና ለሽማግሌዎች አደሉ። ገበያው በተመታ ጊዜም የሙታንን ቍጥር ለዓለም ካሳወቁት መካከል እነዚህ ወጣቶች ነበሩ። ከእነርሱ የታሰሩ አሉ፤ የተገደሉም አሉ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. እነዚህ ማኅበሮች የኖርዌይን የራፍቶ ሽልማትና በስዊድን የሚሰጠውን «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት አገኙ።

ስለ ድፍረታቸው ብዙ ሊባል ይቻላል። እኛ ግን ከድፍረታቸው ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ሥራውን መከፋፈላቸው ነው። ምግቡን የያዘ ምግቡን ይዞአል፤ ሕክምናውን የያዘ ሕክምናውን ይዞአል፤ ሴቶችም ለሴቶች ጕዳይ የራሳቸውን ክፍል አቋቁመዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ እዚያ በሥራ ታየ።

ከዚህ በኋላ ወደ ልጁ ሰውነት እንግባ። ፍንዳታ የሰማ፥ ወይም ወገኑ የሞተበት፥ ወይም ቤቱን ጥሎ የሸሸ ወጣት ልቡ በትንሹ ነገር ይመታል፤ በር ሲዘጋ ይደነግጣል፤ ሆዱን ወይም ራሱን ያመዋል፤ ትምህርት አይገባውም፤ በሚወደው ሰው ላይ ይቈጣል፤ ሌሊት ያየው ነገር ይመለስበታል። አንዳንዱ ደግሞ ፈጽሞ ዝም ይላል፤ ሰዎችም ዝምታውን ብርታት ይሉታል። ይህ ሁሉ ሰውነት ከአደጋ ለማምለጥ የተዘጋጀበት መንገድ ነው፤ አደጋው ካለፈ በኋላም ሰውነቱ እንዳላለፈ ስለሚቈጥረው ነው። የእምነት ጕድለት አይደለም፤ ልፍስፍስነትም አይደለም። በጉባኤአችን አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለውን ልጅ ሲያይ ወዲያው «መንፈስ ይዞታል» ለማለት ይፈጥናል። እንዲህ ያለው ፍጥነት ልጁን ሁለተኛ ጊዜ ያስደነግጠዋል እንጂ አይረዳውም። አብዛኞቹ ልጆች ደኅና ስፍራ፥ የሚበሉት ነገርና የሚያምኑት ሰው ሲያገኙ በጊዜ ብዛት ይድናሉ። ሁሉም ግን አይደሉም። የዓለም የጤና ድርጅት ሊቃውንት በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ ጦርነት ባገኘው አገር ከሚኖሩት ከአምስቱ ሰው አንዱ ያህል የአእምሮ ሕመም እንደሚያገኘው ገምተዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለውም ስለ ቍስል ብቻ አይደለም።

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ በክትክታ ዛፍ ሥር የተኛበትን ታሪክ ሁላችን እናውቃለን። ሞትን እስኪለምን ድረስ ደክሞት ነበር። ይህን ታሪክ ስናስተምር ብዙ ጊዜ ወደ ኮሬብ ተራራና ወደዚያ ትንሽ ድምፅ እንቸኩላለን። ከዚያ አስቀድሞ የሆነውን ግን እንርሳው ዘንድ አይገባም፤ መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀሰቀሰው፥ ሁለቱንም ጊዜ ያቀረበለት እንጎቻና ውሃ ነበር፤ በመካከሉም ተመልሶ ተኛ። ተግሣጽ አልነበረም፤ ጥያቄም ገና አልነበረም። እንግዲህ ታላቁ ነቢይ መጀመሪያ እንቅልፍና እንጀራ ካስፈለገው፥ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ እንዴት አያስፈልገው?

ስለዚህ ራስን መጠበቅ ስንል ምቾት መፈለግ ማለታችን አይደለም። የመጀመሪያው ነገር እንቅልፍ ነው። ሐኪሞች በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ በሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል ይላሉ። በጭንቅ ቀን ይህን ያህል መተኛት ባይቻል እንኳ በአንድ ሰዓት መተኛትና በአንድ ሰዓት መነሣት ይቻላል። ለእንቅልፍ ትልቁ ጠላት ዛሬ ስልክ ነው። የጦርነቱን ፊልም፥ የሞተውን ሰው ሥዕል፥ የማይታወቅ ሰው የላከውን ወሬ በመኝታ ላይ ሆኖ የሚያይ ልጅ፥ ከጦርነቱ ሩቅ ቢሆንም ጦርነቱን ወደ አልጋው ያመጣዋል። ወሬ መስማት ካስፈለገ በቀን አንድ ጊዜ ከታመነ ስፍራ ይስማ፤ ሲመሽ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር። ለወላጆችም ይኸው ነው። ልጁን ከልክሎ ራሱ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያይ አባት ምንም አላስተማረም።

ከዚያ ቀጥሎ በሰዓቱ መብላት፥ መታጠብ፥ ወደ ፀሓይ መውጣት፥ ኳስም ይሁን ገመድ መጫወት፥ መዘመር ይመጣል። ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን መከራ አስቀድሞ የሚያፈርሰው ይህንኑ ተራ ነገር ነው። ጦርነቱ በተነሣ በስድስተኛው ወር በሱዳን 19 ሚሊዮን ያህል ልጆች ከትምህርት ቤት ውጭ እንደ ነበሩ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ገልጦ ነበር። በእኛም አገር በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፥ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል፥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅ ያጣው ፊደሉን ብቻ አይደለም፤ ቀኑን የሚከፍልለት ደወል አጥቶአል። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጆቹ ራሳቸው ደወሉን ይሥሩት፤ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ተሰብስበው ለታናናሾቻቸው ፊደልና ስሌት ቢያስተምሩ ለታናሹም ለታላቁም ይጠቅማል።

ድንጋጤው በድንገት ሲመጣስ? የዓለም የጤና ድርጅት በ2012 ዓ.ም. በሥዕል አስደግፎ ባወጣው መጽሐፍ የተመለከተ ቀላል ልምምድ አለ። ተቀመጥ፤ እግርህን በመሬት ላይ ጫን አድርገህ አሳርፍ፤ ቀስ ብለህ ተንፍስ፤ ከዚያም በዐይንህ የምታየውን፥ በጆሮህ የምትሰማውን፥ በእጅህ የነካኸውን አንድ በአንድ በልብህ ጥራ። ጭንቁ በዚህ አይጠፋም፤ ነገር ግን ባለቤቱ ያለው ዛሬ በዚህ ስፍራ እንጂ በዚያ ክፉ ቀን እንዳይደለ ለሰውነቱ ይነግረዋል። ሰላም ባለበት ጊዜ ደጋግሞ የተለማመደው ሰው በጭንቁ ሰዓት ያገኘዋል።

አሁን ወደ ሌላው ሰው እንሻገር። ሸሽታ የመጣች አንዲት የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ በመንደራችሁ በዘመድ ቤት ተጠግታለች እንበል። ወደ ሰንበት ትምህርት መጣች፤ ከኋላ ተቀመጠች፤ አልዘመረችም። ምን ታደርጋላችሁ? በ2003 ዓ.ም. ለርዳታ ሠራተኞች የተጻፈ አንድ መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃል ከፍሎታል፤ ማየት፥ መስማት፥ ማገናኘት ይላል።

ማየት ማለት አስቀድሞ የሚያስፈልጋትን መመልከት ነው። ጫማ አላት? ምሳ በልታለች? ብቻዋን የምትሄድበት መንገድ ያስፈራል? መስማት ማለት አጠገቧ ተቀምጦ፥ ከተናገረች መስማት፥ ካልተናገረች አብሮ ዝም ማለት ነው። «ያየሽውን ሁሉ ንገሪኝ» ብሎ ማስጨነቅ አይገባም፤ ሳይፈልግ ክፉውን ቀን እንዲተርክ የተገደደ ሰው ሊጎዳ እንደሚችል ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ መልካም ወዳጆች ነበሩ፤ ያሳዘኑት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። እኛም «አይዞሽ» የምንለው ቃል ጣፋጭ ቃል ነው፤ ነገር ግን እንባን ለማስቆም ተቻኵሎ ሲነገር «ዝም በይ» ማለት ይሆናል። «አታልቅሺ፥ ከአንቺ የባሰ አለ» ከማለት «አለሁ፤ ነገም ወደ ትምህርት ቤት አብረን እንሄዳለን» ማለት ይሻላል። ነገም መሄድ ነው። የማይፈጸም ተስፋ ብዙ ነገር ለጠፋባት ልጅ ሌላ ጥፋት ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ተስፋ ስጡና ፈጽሙት።

ማገናኘት የሚባለው ሦስተኛው ቃል ለወጣት ከሁሉ የሚያስፈልገው ነው። ይኸውም የማትችሉትን ለሚችለው ማስረከብ ነው። ጓደኛችሁ ብዙ ቀን ካልበላ፥ በቤቱ የሚደበድበው ወይም የሚያስነውረው ሰው ካለ፥ መጠጥ ከዠመረ፥ ወይም «ከዚህስ ብሞት ይሻለኛል» ካለ፥ ይህ የእናንተ ትከሻ የሚሸከመው አይደለም። ስለ ሞት የተናገረውን ሰው «በእውነት ራስህን ለመጕዳት ታስባለህን?» ብሎ በግልጥ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ይልቁንም ብዙ ጊዜ ያሳርፈዋል። ከጠየቃችሁት በኋላ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ለምታምኑት ዐዋቂ ንገሩ። ለመምህሩ፥ ለእትዬ ወይም ለጋሼ ለምትሉት ጎረቤት፥ «አንድ ጭንቅ ነገር አለብኝ፤ ብቻዬን አልችለውም» በሉ። ምሥጢር እንድትጠብቁ አስምሏችሁ ቢሆንስ? ሕይወት የሚጠፋበት ምሥጢር አይጠበቅም፤ ዛሬ ቢቀየማችሁ ነገ በሕይወት ኖሮ ይታረቃችኋል። ዐዋቂዎች ደግሞ የተባይ መርዝንና የመሰለውን ከልጆች እጅ ቈልፈው ያስቀምጡ፤ ልጁንም ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሱት። ከዚያ የሚበልጥ ሕክምና ካስፈለገ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ይልከዋል፤ በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል ለዚሁ ሥራ የቆመ ነው። ጸሎትና ሕክምና የሚጣሉ አይደሉም፤ ወባ ለያዘው ልጅ እንደዚያ አናደርግምና።

የሙሴ አማት ዮቶር ሙሴን ከጧት እስከ ማታ በሕዝቡ መካከል ብቻውን ሲፈርድ ባየው ጊዜ አላመሰገነውም፤ ራሱም ሕዝቡም እንደሚዝሉ ነግሮ ሥራውን ለብዙዎች እንዲያከፋፍል መከረው። ይህን ምክር በተለይ ለሴቶች ልጆቻችን ቤት ማምጣት ይገባናል። በመከራ ቀን ወንድሙ ኳስ ሜዳ ሳለ እኅቱ ጄሪካን ተሸክማ፥ ሕፃን አዝላ፥ ወጥ ሠርታ፥ ከዚያም ጐረቤት ልታጽናና ትሄዳለች። በብዙ ቤት ይህ እንደ ተፈጥሮ ይቈጠራል። ተፈጥሮ አይደለም፤ ልማድ ነው፤ ጄሪካን ደግሞ በወንድ ልጅ ጀርባ ላይ አይከብድም።

ለዐዋቂዎች የቀረን ቃል አለ። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባቆመ ጊዜ በመላ ሱዳን ከ1,100 በላይ የጋራ ማእድ ቤቶች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተዘጉ። ወጣቶቹ ልባቸው አልቀዘቀዘም ነበር፤ ድስቱም ነበር፤ ያጡት ምስሩንና ዘይቱን ነው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላም በዚያ የተመለሰውን ሕዝብ የጠበቀው የፈረሰ ቤትና የተዘረፈ ሆስፒታል ነበር። የወጣት ፍቅር የእህልን ስፍራ አይሞላም። ሽማግሌዎችና እድሮች ጐተራቸውን ዘግተው ወጣቶችን «በርቱ» ቢሏቸው፥ የወጣቱን ጕልበት እንደማይነጥፍ ምንጭ ቈጥረውታል ማለት ነው። እድራችን ለቀብር ድንኳን ሲያዋጣ የኖረ ነው፤ ለተፈናቀለ ልጅ ደብተርና ምሳ ለማዋጣት ሕጉን የሚከለክለው የለም።

የወጣቶች ማኅበሮች ይህን ጥናት ባነበቡበት ሳምንት አንድ ወረቀት ያዘጋጁ። በመንደሩ ያሉት ሥራዎች፥ በሽተኛ መጠየቅ፥ ለአረጋውያን ውሃ መቅዳት፥ ሕፃናትን ማስጠናት፥ አዲስ የመጣውን ልጅ ማጀብ፥ ሁሉም ይጻፉ፤ በየሥራው አጠገብ ሁለት ሁለት ስም ይግባ፥ አንዱ ሲደክም ሁለተኛው ይተካ ዘንድ። ሥራ የበዛበትን ልጅ የሚጠይቅ አንድ ዐዋቂም ስሙ ይጻፍ። ከዝርዝሩ ላይ ስሙ ከሁለት ስፍራ በላይ የተጻፈ ልጅ ቢገኝ፥ ሦስተኛው ሥራ ለሌላ ይሰጥ፤ የዕረፍት ቀኑም በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍለት።